መስኮት ላይ የተሰቀለው ሣህሉ

ከሽምብጥ ሰፈር ወደ ሐይቁ በሚወርደው ኮረኮንች መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ማስታወቂያ የላትም። ሰፈርተኛው «አገርነሽ ቤት» ይላታል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ «ድሮ ቤት»። በሯ ላይ የቴትሮን ሸሚዝ፣ እግሩ እንደ ቀሚስ የሚሰፋ ቤልቦተም ሱሪ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ካፖርት ተሰቅሏል። ወደ ውስጥ ለዘለቀ ሰው የመስታወት ሣጥን ይታየዋል፤ በሣጥኑ ውስጥ ድሪ፣ የብር አልቦ፣ ማርትሬዛ ብር የተንጠለጠለበት የአንገት ጌጥ፣ ከጣት ጣት ሲዞር የሳሳ ቀለበት ተደርድሯል። ግድግዳው ግን ከላይ እስከ ታች ፎቶ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ የተቀረጠፈ፣ ሰዎቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ትንፋሻቸውን እንደያዙ የቀሩበት።

የሱቋ ባለቤት አገርነሽ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ሃያ ሁለቱን ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ ኖራለች። ከማሽን ጋር እየተጯጯኸች መናገር ስለለመደች ዛሬም ምስጢር የምታወራው መንገድ ተሻግሮ በሚሰማ ድምፅ ነው። ሥራውን እንደለቀቀች እናቷ ሞቱ። የተውላትን ሣጥን ከፍታ ልብሱን ለመጣልም ለመስጠትም እጇ እምቢ አላት፤ አወጣችና ደጃፏ ላይ ሰቀለችው። «ቪንቴጅ ይባላል እኮ፣ እማ፤ ሰው ይሞትለታል» ያለቻት አዲስ አበባ ሥራ የያዘችው ልጇ ፀደንያ ናት። አገርነሽ ቃሉን አልወደደችውም። እሷ «የሰው ልብስ» ነው የምትለው። አዲስ ልብስ ማንም የማይኖርበት ቤት ነው፤ የሰው ልብስ ግን ክርኑ ላይ የባለቤቱ ክርን፣ አንገትጌው ላይ የባለቤቱ ላብ አለበት ትላለች። ተማሪዎቹም ሳያውቁት የሚፈልጉት ይህንኑ ነው ባይ ናት።

ስለዚህም «የማን ነበር?» ሳትል አንድም ነገር አትገዛም። ከዱርቤቴ አሮጊቶች አልቦ በጨርቅ ጠቅልለው ሲያመጡላት፣ ከይፋግ ነጋዴ ካፖርት ተሸክሞ ሲመጣ፣ ጥያቄዋ ያው ነው። ባለቤቱ ካልታወቀ ብርም ሆነ ወርቅ ትመልሰዋለች። ሊከራዩ የሚመጡት ሴት ተማሪዎችም የባለቤቱን ታሪክ ሳይሰሙ አይወጡም። «ይች አልቦ የእሜቴ የሻረግ ነበረች። ሦስት ባል ፈትተውባታል። አንች እግርሽን ሰብሰብ አድርጊ» ብላ ልጅቷን ታሽኮረምማታለች።

አገርነሽ ሌላም የምትታወቅበት ነገር አለ፤ ክንዷ። የሰፈሩ ዕድር መርዶ ሊያረዳ ሲነሣ አገርነሽን ጥሎ አይሄድም። ዳኛው የኔታ መርስዔ ኀዘን ናቸው፤ ድሮ ከደሴቶቹ በአንዱ ገዳም ድጓ ያስተማሩ፣ አሁን ዓይናቸው የደከመ፣ ቃላቸው ግን ያልደከመ ሰው። በእሳቸው ዘንድ መርዶ ሥርዓት አለው። በማለዳ ይሆናል፤ ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ፀሐይ ሳትሞቅ። ከቤት ውጭ አይነገርም፤ በመንገድ አይነገርም። ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ዘመድ ካለው አስቀድሞ ይጠራል። ከዚያ የኔታ ቃሉን ይናገራሉ፤ ሐዘንተኛዋ ራሷን ልትፈጠፍጥ ስትነሣ ደግሞ አገርነሽ ከኋላ ሆና ታቅፋታለች። እንዲህ አድርጋ ያቀፈቻቸውን ሴቶች ቁጥር አታውቀውም። አንዷም ግን ከእጇ አምልጣ አታውቅም።

ባለቤቷ ሣህሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ስድሳ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤ «ይብቃህ» ስትለው «መሪ የያዘ እጅ ምርኩዝ አይወድም» እያለ ይስቃል። ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ እህል ለመጫን ወደ ማክሰኝት ሄደ። ከኋላው ሁለተኛውን መኪና ይዞ የተከተለው የጎረቤታቸው የእናትዓለም ልጅ መልካሙ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ለእናቱ አንድ፣ ሣህሉን «ጋሼ» ብሎ ከሥሩ ሆኖ መንዳት የተማረ። በሦስት ቀን እንመለሳለን ብለው ነበር። በአራተኛው ቀን ኔትወርክ ጠፋ። በአምስተኛው መንገዱ ተዘጋ ተባለ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ እናውቃለን የሚሉትም እያንዳንዳቸው የተለየ ነገር ያወሩ ነበር።

አገርነሽ መጀመሪያ ተቆጣች። ሲናፍቃትም ሲያስፈራትም የሚቀድማት ቁጣ ነው። ስልኩን በቀን መቶ ጊዜ ትሞክራለች፤ «ሊያገኟቸው አይችሉም» የምትለዋን ሴትዮ ሥጋ እንዳላት ሁሉ ትሰድባታለች። በስምንተኛው ቀን ግን ቁጣው ከዳትና ሆዷ ባባ። የቆርቆሮ ሣጥኗን ከፍታ የሣህሉን ፎቶ አወጣች።

ፎቶው ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት የተነሣው ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ጸጉሩ አፍሮ፣ ኮቱ ቡናማ፣ ሱሪው መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም። ከኋላው ጢስ ዓባይ ተስሏል፤ ሠዓሊው ፏፏቴውን በወሬ ብቻ የሚያውቀው ይመስላል፣ ውሃው ወደ ጎን ነው የሚፈስሰው። እጁ ላይ ያለው ሰዓትና ዓይኑ ላይ ያለው ጥቁር መነጽር የራሱ አይደሉም፤ ፎቶ ቤቱ ለተነሺው ሁሉ የሚያውሳቸው ነበሩ። ሣህሉ ይህን የነገራት ከተጋቡ በኋላ ነው። በዚያ የውሰት ሰዓት ተታልላ እንደወደደችው ስትነግረው «ሰዓቱ ቢመለስ እኔ አለሁ አይደል?» ብሏት ነበር። ኮቱና ሱሪው ዛሬም ከሣጥኗ ውስጥ አሉ፤ አከራይታቸው አታውቅም።

ፎቶውን ይዛ ፍሬም ሠሪው አንዳርጋቸው ዘንድ ሄደች።

«አሳድግልኝ። በትልቁ፤ በር የሚያህል ይሁን» አለችው።

አንዳርጋቸው ፎቶውን አየ፤ ቀና ብሎ እሷን አየ። «ጋሽ ሣህሉ ናቸው?»

«እሱው ነው። ቶሎ ድረስልኝ እንጅ» አለችና ሣህሉ ትዝ ብሏት ድምፅዋ ስለተቆረጠ ፊቷን አዞረች።

አንዳርጋቸው ወትሮ ሰውን በቀጠሮ የሚያመላልስ፣ ሲቀልድ አፍ የማያስገጥም ሰው ነው። ያን ቀን አንዲት ቀልድ አልወጣውም። የሌላውን ሁሉ ሥራ ወደ ጎን አድርጎ ፎቶውን በዕለቱ ጨረሰና ራሱ ተሸክሞ ሱቋ ድረስ አመጣላት። ሲያስረክባት አንገቱን ደፍቶ ነበር። አገርነሽ ልጁ በመጨረሻ ጨዋነት ተማረ ብላ መረቀችው።

ፎቶውን መስኮቱ ላይ ሰቀለችው፤ ከሥሩ ያንኑ ኮትና ያንኑ ሱሪ በመስቀያ አንጠለጠለች። አንገትጌው ላይ የእናቷን ድሪ ጣል አደረገችበት፤ እንዲያምር። ተመራቂ ተማሪዎች «የድሮ ቀን» የሚሉትን በዓል ሊያከብሩ ሳምንት ቀርቷቸው ስለነበር እየተጋፉ መጡ። «እንዴት ያለ ቆንጆ ነው!» አሉ ሴቶቹ። አገርነሽ ደስ አላት። የናፈቀችው ሰው ቢያንስ መስኮቷ ላይ ቆሞ የመንገዱን ሰው ይመለከታል።

ነገሩ የተለወጠው በማግሥቱ ነው። ወፍጮ ቤት ስትደርስ ይንጫጩ የነበሩት ሴቶች ዝም አሉ። ተራ ሳትጠብቅ ቅድሚያ ሰጧት። ከአጠገቧ የቆመችው ሴት ያለ ምክንያት ትከሻዋን ዳበሰቻት። ከሰዓት በኋላ እናትዓለም ምሳ ይዛላት መጣች፤ «ብቻሽን ስለሆንሽ ብዬ ነው» አለች። እናትዓለም ደግ ሴት ናት፣ ግን ምሳ ተሸክማ ሱቅ ለሱቅ የምትዞር ዓይነት አይደለችም። እስክትበላም ቁጭ ብላ ጠበቀቻት፤ ዓይኗን ከፊቷ አልነቀለችም፤ አንድ ነገር ልትል ከንፈሯን ታላውስና መልሳ ትዘጋዋለች።

አገርነሽ ይህን ከንፈር ታውቀዋለች። እሷም ከሰው ቤት ተቀምጣ፣ ነገ የሚነገራትን ሴት ዛሬ እያየች፣ እንዲሁ ከንፈሯን አላውሳ ዘግታ ታውቃለች። ምሳውን ከፊቷ ገፋ አደረገችው።

በሁለተኛው ቀን የኔታ መርስዔ ኀዘን በምርኩዛቸው እየተመሩ ሱቋ ድረስ መጡ። በሕይወታቸው ሱቋን ረግጠዋት አያውቁም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ወደ መስኮቱ ለረጅም ጊዜ አዩ፤ ምን ያህል እንደሚታያቸው እግዜር ይወቅ።

«እንደምን ሰነበትሽ፣ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኔታ። እርስዎ እንዴት ሰነበቱ?»

«ልጅሽ መቼ ትመጣለች?»

«ማን፣ ፀደንያ? በጥምቀት እንጅ… ምነው፣ የኔታ?»

«ደኅና ነው። ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው።» ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ አሽከረከሩ። ከዚያም ቀስ ብለው «የሣህሉ የክርስትና ስሙ ማን ነበር?» አሉ።

አገርነሽ ክው አለች። ሰው በሕይወት እያለ የክርስትና ስሙን ማን ይጠይቃል? እርግጥ ለጸሎት የሚጠይቅ አለ፤ የዕድር ዳኛ ግን የሚጠይቀው ለፍትሐት ነው። «ገብረ ኪዳን» ብላ መለሰች። የኔታ ስሙን ሁለት ጊዜ ደገሙትና «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ተነሥተው ሄዱ።

ያኔ ሁሉም ነገር ተገጣጠመላት። መንገድ ቢዘጋም በሐይቁ የሚመጣ ሰው አለ። አንዱ ከጎንደር በኩል በጀልባ መጥቶ ነግሯቸዋል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ወፍጮ ቤቱ ያውቃል፤ እናትዓለም ታውቃለች። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ምክንያቱም ሥርዓቱ እንደዚያ ነው፣ የሞተበት ሰው መጨረሻ ነው የሚሰማው። ፀደንያን እስኪያስመጡ ነው የሚጠብቁት። እሷ እስክትመጣም ባይጠብቁ ነገ ማለዳ ይመጣሉ።

ለምን ሄዳ አልጠየቀችም የሚል ይኖራል። እንዲህ የሚል ሰው ፈርቶ አያውቅም ማለት ነው። አልጠየቀችም፤ ካልጠየቀች ሣህሉ ገና መንገድ ላይ ነው። ከጠየቀች ግን የሚመልሱላትን ቃል ታውቀዋለች፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ ቆማ ሰምታዋለች።

ያን ሌሊት ልብሷን ሳታወልቅ ጋደም አለች። ገና ሳይነጋ ተነሥታ ነጠላዋን ተከናንባ ከቤት ወጣች። ዘዴዋ ይህ ነበር፤ መርዶ ከቤት ውጭ አይነገርም፣ ፀሐይ ከሞቀ በኋላም አይነገርም። ስለዚህ ፀሐይ እስክትሞቅ ቤቷ ካላገኟት አንድ ቀን አተረፈች ማለት ነው። ወደ ሐይቁ ወርዳ ደንገሉ ከበቀለበት ጥግ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አስጋሪዎች ሲያልፉ ፊቷን ትሸፍናለች። ኮቴ በሰማች ቁጥር ደንገሉ ውስጥ ዝቅ ትላለች። ሃምሳ አራት ዓመት የሞላት፣ ሰፈር የሚሰማው ድምፅ ያላት ሴት፣ ደንገል ውስጥ እንደ ሌባ ተሸሽጋ ፀሐይን «ውጪ፣ ውጪልኝ» እያለች ትለምናት ነበር። ሙቀቱ ጀርባዋን ሲነካት ተነሥታ ሱቋን ልትከፍት ትሄዳለች፤ ፎቶውን ቀና ብላ ሳታይ ታልፋለች።

በማግሥቱም እንዲሁ አደረገች። በሦስተኛው ማለዳ ከቤት ስትወጣ ከዕድሩ መጋዘን በር የድንኳን እንጨት ሲወርድ ሰማች፤ እንጨቱ እየተወረወረ እርስ በርሱ ሲጋጭ ድምፁን የሚስተው ሰፈርተኛ የለም። ሐይቁ ዳር እንዴት እንደደረሰች አታስታውሰውም።

እዚያ እንደተቀመጠች ከኋላዋ ኮረት ተንኮሻኮሸ። እናትዓለም ነበረች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች፤ እንደ ለቅሶ። አገርነሽ ብድግ አለችና ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ እግሯ ውሃ ውስጥ ገባ።

«ተይኝ፣ እናትዓለም! ከቤት ውጭ አይነገርም። ሥርዓት አለው። ሂጅልኝ!»

«ምኑ ነው የሚነገረው?»

«የመጣሽበት ነዋ!»

እናትዓለም ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ የመጣሁት ልጠይቅሽ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሦስት ቀን ሙሉ አፌ ላይ እየደረሰ እየተመለሰብኝ ነው። በሐዘንሽ ላይ ሌላ እንዳልጨምርብሽ ብዬ ቻልሁት፤ አሁን ግን አልቻልሁም። በኪዳነ ምሕረት ይዤሻለሁ፣ አገርነሽ፣ አትደብቂኝ። የጋሽ ሣህሉን የነገረሽ ሰው… የመልካሙንስ ምን አለሽ?»

አገርነሽ ከውሃው ወጣች። «የሣህሉን ማን ነገረኝ?»

«ያረዳሽ ሰው።»

«እኔን ማንም አላረዳኝም! እናንተ ናችሁ የሰማችሁ!»

«እኛ ከማን እንሰማለን? ካንች ነው እንጅ! ፎቶውን አሳድገሽ ያወጣሽ አንች አይደለሽ? ልብሱን ከሥሩ አንጠልጥለሽ፣ የእናትሽን ድሪ ደርበሽ! አንዳርጋቸው ጋ ሄደሽ ማልቀስሽን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የኔታም ‘በራሷ ሰምታለች፣ አስከሬኑን እየጠበቀች ይሆናል፣ አፍ አውጥታ እስክትናገር ተዋት’ አሉን፤ ዝምታሽ ሲበዛ ነው ዛሬ ድንኳኑን ያስወጡት።»

በዚያ አገር ሰው በሩቅ ሞቶ አስከሬኑ ሳይመጣ ሲቀር ፎቶው አድጎ ይወጣል። የሚወደው ልብሱም ከሥሩ ይደረግና አልቃሽ በዚያ ዙሪያ ትቆማለች። አገርነሽ በእንደዚህ ያለ ፎቶ ፊት ስንት እናት፣ ስንት ሚስት አቅፋ ይዛለች። ግን ያን ቀን ትዝ አላላትም። ከሙታን ኮት፣ ከሙታን ጌጥ፣ ከሙታን ፎቶ ጋር ስትውል ዓይኗ ለምዶት፣ በሌላው ሰው ዓይን የሞት ምልክት የሆነው በእሷ ዓይን የሱቅ ጌጥ ሆኖ ቀርቶ ነበር።

«ተማሪዎቹ እንዲያዩልኝ ነው» አለች። «ቆንጆ ስለነበረ። ስለናፈቀኝ።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው እናትዓለም ናት፤ አገርነሽ ተከተለቻት። እንባቸው እየወረደ፣ ጎናቸውን ይዘው፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ ቀዘፋ እስኪያቆሙ ድረስ ሳቁ። «የኔታ እኮ የክርስትና ስሙን ወስደውብኛል! ፈትተውታል ይሆን?» ስትል አገርነሽ እንደገና ፈነዱ።

ሳቁ ግን አለቀ። ሲያልቅ የሐይቁ ውኃ ዳሩን ሲመታ ተሰማ፤ ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነበር። ማንም የሰማ የለም ማለት ማንም የሚያውቅ የለም ማለት ነው። እስከ አሁን አገርነሽ የምትፈራው የኔታን ነበር፤ የኔታ ግን ባዶ እጃቸውን ናቸው። ፍርሃቱ ተመልሶ ወደ መንገዱ ሄደ፤ እዚያ ደግሞ መሸሸጊያ ደንገል የለም። እናትዓለም እጇን ያዘቻት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ሰፈር ወጡ። የኔታ ነገሩን ሲሰሙ ድንኳኑን አስመለሱና «ከእንግዲህ መስኮትሽ ላይ የሞቱትን ብቻ ስቀይ» ብለው ተቆጧት። ፎቶውን ለማውረድ ግን እጇ እምቢ አለ። ሰቅላው ሞተ ተባለ፤ ብታወርደው ደግሞ ተቀበረ የሚባል መሰላት።

ሣህሉ የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ቀትር አልፎ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም። አገርነሽ የመስታወት ሣጥኑን ስትወለውል የደጁ ብርሃን ጨለም ሲልባት ቀና አለች። አንድ ሰው ከውጭ ቆሞ መስኮቱን ያያል። ጢሙ አድጓል፤ ጉንጩ ገብቷል፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቶበታል። መወልወያው ከእጇ ወደቀ። ዘላ ወጥታ እጁን፣ ፊቱን፣ ጆሮውን ሳይቀር ዳሰሰችው፤ ጎትታ አስገባችው። መንገዱ ላይ እንዳትጮህ አፏን በነጠላዋ አፍና ደረቱ ላይ ተደፋች። ያ ሁሉ ቀን አንዲት እንባ ስለ እሱ አላወጣችም ነበር፤ ብታለቅስ የሞተ እየመሰላት። አሁን ወጣላት። ደስ አላት፤ እንዲያ ያለ ደስታ ታውቅ እንደሆነ እንጃ።

«የት ነበርህ? የት ቀረህ፣ አንተ የተረገምህ?»

«መኪናውን ማክሰኝት ጥየ ወደ ጎርጎራ በእግሬ ወረድሁ። ከዚያ በጀልባ መጣሁ» አለ ሣህሉ። ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ሆኗል።

«መልካሙስ? አብሮህ መጣ?»

ሣህሉ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። ወንበር ሳይሆን ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ቁልቁለቱ ላይ ከኋላዬ ነበረ፤ በመስታወት አየዋለሁ። ደግሜ ሳይ የለም። ተገልብጦ አገኘሁት።» እጁን አየ። «መንገዱ ተዘግቶ ወዴትም ልናመጣው አልቻልንም። ከዚያው አጥቢያ ካለች ማርያም ቀበርነው፣ አገሬ። አፈሩን እኔ ነኝ የመለስሁበት።»

አገርነሽ አልጮኸችም። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ «ሣህሉ አይደለም» የሚል ነበር። ሣህሉ አይደለም፣ ሣህሉ አይደለም እያለ ልቧ ሲጨፍር ሰማችው፤ ከዚያ ነው እናትዓለም ምሳ ይዛላት የመጣችው፣ ሐይቁ ዳር እጇን የያዘቻት ትዝ ያላት። አፈረች። እንዲያ አፍራ አታውቅም።

«ማን ያውቃል?»

«የኔታ ብቻ። ቤቴ ሳልገባ እሳቸው ዘንድ ገባሁ። ነገ ማለዳ ነው ብለዋል። ‘አገርነሽ ትምጣ፣ እስከዚያ ፊቷን ትጠብቅ’ ነው ያሉኝ።»

ንግግሩን ሳይጨርስ ከውጭ እልልታ ቀለጠ። ሣህሉን ከመንገድ ያየው ሰው ነግሯት ነው። እናትዓለም በሩን በርግዳ ገባችና በጉልበቷ ወድቃ መሬቱን ሳመች፤ ተነሥታ የሣህሉን ትከሻ፣ ጉንጭ፣ እጅ አገላብጣ ሳመች።

«እሰይ! እሰይ፣ እመቤቴ! እርስዎ ከመጡ የእኔም መጣ! የት አለ? ወደቡ ላይ ነው?»

ሣህሉ አገርነሽን አየ። አገርነሽ ሣጥኑን አየች።

«መኪናው ጋ ቀርቷል» አለ ሣህሉ። «መኪና ጥሎ አይመጣም አይደል?»

«አወይ የእኔ ልጅ! ይጠብቅ፣ ይጠብቅ! ከስቷል? ይበላል?»

«ደኅና ነው» አለ ሣህሉ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ።

እናትዓለም አገርነሽን አቀፈቻት። አገርነሽ ፊቷን እንዳታይባት አገጯን በትከሻዋ ላይ አሳረፈችና ያን ጠንካራ ክንዷን ጀርባዋ ላይ አዞረች። እናትዓለም ትስቅ ነበር፤ ሳቋ በአገርነሽ ደረት ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ድንገት አንድ ነገር ትዝ እንዳላት ሁሉ ተፈናጥራ ተላቀቀችና «መጣሁ፣ እንዳትሄጅ!» ብላ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ስትመለስ በአንድ ክንዷ ግራጫ ካፖርት አንጠልጥላለች፣ በሌላ እጇ ትንሽ ፎቶ ይዛለች። በፎቶው ላይ መልካሙ ያንኑ ካፖርት ለብሶ፣ ባርኔጣ ወደ ጎን ደፍቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ዓይኑ ሳቅ አምልጦት ጨፈን ብሏል።

«የአባቱ ካፖርት ነው። አምና ለቀልድ ነው የተነሣው፤ ‘እማ፣ አባየን እመስላለሁ?’ እያለ» አለች እናትዓለም እየሳቀች። «መቼም እኔና አንች ከእንግዲህ አንፈራም! ይችንም እንደ ጋሽ ሣህሉ በትልቁ አሳድጊልኝና ከጎኑ ስቀይልኝ። ካፖርቱን ከሥሩ አድርጊው። ሲመጣ መስኮት ላይ ራሱን አይቶ ይደንግጥ፤ ተማሪዎቹም ይዩት፣ ያላገባ ነው በያቸው።»

አገርነሽ እጇን ዘረጋች። መጀመሪያ ፎቶውን፣ ከዚያ ካፖርቱን ተቀበለች። ካፖርቱ ከባድ ነበር።

«መቼ ይደርስልኛል?» አለች እናትዓለም።

«ነገ» አለች አገርነሽ። «ለነገ ማለዳ ይደርሳል።»